አንድ ሜትር በአንድ ሴንቲ፦ የኩሲን ግንብ ጓሯችሁ ውስጥ እንዴት ትሠራላችሁ?

እኔ ግንበኛ ነኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ። ሥራዬ የሰው አጥር፣ የሰው መሠረት፣ የሰው ደረጃ ነው። «ግንብ» ሲባል ለእኔ ድንጋይና ሲሚንቶ ነበር። ቃሉ የነገሥታት ቤት መጠሪያም መሆኑን የጎንደር ልጅ ካልሆነ በቀር በየቀኑ የሚያስበው የለም።

እኔን ያሳሰበኝ አንድ ፖስት ካርድ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ አሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ፈረንሳይ ተምረዋል። የጓሮ አጥራቸውን ስጠግን ለቡና ሳሎን አስገቡኝ። ግድግዳው ላይ አንድ የደበዘዘ ጥቁርና ነጭ ፖስት ካርድ በፍሬም ተሰቅሏል። ክብ ማማ ነው። ከሥሩ አንድ ሰው ቆሟል። ሰውየው ጉንዳን ያህላል።

«ጋሼ፣ ይሄ የውሃ ታንከር ነው እንዴ?» አልኳቸው።

ሲኒያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «ኩሲ ይባላል» አሉኝ። «እኔ ስደርስ ግን አልነበረም። ያየሁት ክምሩን ነው።»

ማታ ለልጄ ነገርኳት። ስምንተኛ ክፍል ናት። ስልኬን ወስዳ ስትፈልግ አመሸች። በማግስቱ «አባዬ፣ እንሥራው» አለችኝ። እኔም አፌ አያርፍም፣ «ምን ችግር አለው» አልኩ።

ይኸው ሦስት ጊዜ ሠርተነዋል። ሁለቱ ተበላሽተዋል፤ ሦስተኛው ቆሟል። እናንተ የእኔን ሁለት ስህተት ዝለሉና ከሦስተኛው ጀምሩ። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ቦታ፣ የአንድ ወር ተኩል ትዕግሥትና ጭቃ የማይጸየፍ ሰው ነው።

የምትሠሩት ምንድን ነው?

ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ኩሲ ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሙሉ ስሟ ኩሲ-ለ-ሻቶ-ኦፍሪክ ነው። የኤሌት ወንዝን ሸለቆ ቁልቁል የምታይ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ግንቡን በ1220ዎቹ ያስጀመረው ሦስተኛው አንገራን የሚባል ባላባት ነው። እኛ አገር ላሊበላ ላይ ዐለቱን ከላይ ወደ ታች እየፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያን ካወጡ ብዙም ሳይቆይ መሆኑ ነው። እነዚያ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይከምሩ ነበር።

ያን ጊዜ የፈረንሳይ ንጉሥ ዘጠነኛው ሉዊ በ1226 ሲነግሥ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። መንግሥቱን የያዘችለት እናቱ ናት። ንጉሡ ልጅ ሲሆን የባላባት ልብ ያብጣል፤ ይሄ ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። አንገራን ልባቸው ካበጠው አንዱ ነው። ከእሱ በፊት ንጉሥ ፊሊፕ ኦጉስት ፓሪስ ውስጥ ሉቭር ላይ ትልቅ ክብ ማማ አሠርቶ ነበር። ወርዱ 15 ሜትር፣ ቁመቱ 30 ሜትር ገደማ። አንገራን ምን አደረገ? ወርዱ 31፣ ቁመቱ 54 ሜትር ገደማ የሆነ ማማ አቆመ። በዛሬ ፎቅ ቢቆጠር 18ኛ ፎቅ ድረስ ይሄዳል። የግድግዳው ውፍረት ከሥሩ ከ7 ሜትር በላይ ነው። እኔ የምሠራው ደህና የሚባል የድንጋይ አጥር 50 ሴንቲ ነው።

የኩሲ ጌቶች መፈክር ነው እየተባለ የሚነገር አባባል አለ፦ «ንጉሥ አይደለሁም፤ ልዑልም፣ መስፍንም፣ ቆንትም አይደለሁም፤ እኔ የኩሲ ጌታ ነኝ።» ይህን ለልጄ ጓደኞች መንገር አልነበረብኝም። አሁን አንዱ ጎረምሳ ኳስ ባገባ ቁጥር «ከንቲባ አይደለሁም፣ ሊቀ መንበርም አይደለሁም፣ እኔ የሱሉልታ ጌታ ነኝ!» እያለ ሰፈሩን ያውካል።

ልኩ

አንድ ሜትር በአንድ ሴንቲ እንይዛለን። ይሄ ልክ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ሒሳብ የለውም። 54 ሜትሩ 54 ሴንቲ ነው፤ አለቀ። ሁለተኛ፣ በዚህ ልክ አንድ ሰው አንድ ባቄላ ነው። እውነቴን ነው፤ ደህና ባቄላ ቢያቆሙት ወደ አንድ ሴንቲ ከሰባት ይመጣል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ እፍኝ ባቄላ ለዩ። ጠባቂም፣ ግንበኛም፣ የኩሲ ጌታም ከእሱ ይወጣሉ።

የንጉሡን ማማ ለማሳየት መድከም አያስፈልግም። ባለ አንድ ሊትር የቡና ፔርሙዝ አጠገቡ አቁሙ። ወርዱ ትንሽ ቢያንስም ቁመቱ ሉቭርን ያህላል። ልጆቹ ሲያዩት አንገራን ምን ያህል ደፋር እንደነበር ሳይነገራቸው ይገባቸዋል።

ዕቃ

አንድ ባዶ የጋሎን ቀለም ቆርቆሮ ፈልጉ። ወርዱ 17 ሴንቲ ገደማ ነው። አሁን ስሙኝ። የግድግዳው ውፍረት 7 ሜትር፣ ማለትም 7 ሴንቲ። በአንድ ወገን 7፣ በሌላው ወገን 7፣ መሐሉ 17። ድምሩ 31። ይህን ያገኘሁ ቀን ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ነግሬአታለሁ። አልተደሰተችም።

ድንጋዩ የአምቦ ድንጋይ ፍርፋሪ ይሁን። ጥቁር ድንጋይ ለሥራ ጠንካራ ነው፤ ግን የኩሲ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ መልኩ ነጣ ያለ ነው። የእኛ ጥቁር ድንጋይ ግንቡን የተቃጠለ ያስመስለዋል። የአምቦ ድንጋይ የሚቆርጡ ሰዎች ጋ ብትሄዱ ፍርፋሪውን በጆንያ ይሰጧችኋል። እንዲያውም ውሰዱልን ይላሉ። ከ2 እስከ 4 ሴንቲ የሆነውን ልቀሙ። ቢያንስ አንድ ፊቱ ቀጥ ያለ ይሁን።

ከዚያ አንድ ከረጢት ኖራ፣ ወንፊት ያለፈ አሸዋ፣ ሲባጎ፣ ቱንቢ፣ ውሃ ልክ፣ ማሰሪያ ሽቦ፣ አንድ ፓኮ ስቴኪኒ፣ ላስቲክና አሮጌ ጆንያ። ማንኪያችሁ የግንበኛ ከሆነ ትልቅ ነው። የወጥ ማንኪያ ይሻላል። ከማን ኩሽና እንደወሰዳችሁ አልጠየቅሁም።

መሬቱ፣ ማለትም ሁለተኛው ስህተቴ

ሱሉልታ ዋልካ አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፤ በጋ ይሰነጠቃል። ሰው የተማረረበትን አፈር እኔ ግንበኛው ረስቼ ሁለተኛውን ግንብ በቀጥታ ላዩ ላይ ሠራሁ። ሐምሌ ላይ አንዱ ጥግ ሦስት ሴንቲ ተነሣ። አስቡት፤ በእኛ ልክ ሦስት ሜትር ማለት ነው።

ስለዚህ 20 ሴንቲ ቆፍሩና ጥቁሩን አፈር አውጡ። ገረጋንቲ ሙሉበት። ውሃ እያርከፈከፋችሁ በእንጨት ደልድሉ፤ እንደገና ሙሉ፤ እንደገና ደልድሉ። ቀይ አፈር ያለበት ሰፈር የምትኖሩ ይህን ማለፍ ትችላላችሁ። ዕድለኞች ናችሁ።

ቦታ ስትመርጡ አንድ ወገኑ ዝቅ የሚል ፈልጉ። ኩሲ አፋፍ ላይ ነው ያለው። ሜዳ ላይ ከተሠራ ትርጉሙ ይጠፋል። እኛ የጓሮውን ፍሳሽ ቦይ ነው የተጠቀምነው። ቦዩ የኤሌት ሸለቆ ሆኗል። በእርግጥ የእቃ እጣቢ ይወርድበታል።

አሁን ሲባጎ ዘርጉ። ዋናው ግንብ አራት ጎን አለው፤ እኩል ግን አይደሉም። 92፣ 80፣ 50 እና 35 ሜትር ናቸው። እንግዲህ የግንበኛ ምክር፦ አራት ጎን ብቻ ለክታችሁ ቅርጽ አይወጣችሁም። አራት እንጨት በሚስማር ብታያይዙ እንደ አልጋ ይንሸዋረራል። ማዕዘን ለማዕዘን የሚሄድ ሲባጎ ያስፈልጋል። የግንቡን ፕላን ፎቶ በስልክ አውጡ፣ ማዕዘን ለማዕዘን ያለውን በማስመሪያ ለኩ፣ ከአንዱ ጎን ጋር አስተያዩት። ልጄ ይህን ስታደርግ የክፍል ሒሳቧ መሆኑን ገና አላወቀችም ነበር። እኔም አልነገርኳት።

በአራቱ ማዕዘን አራት ክብ ማማዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ወርዳቸው 20 ሜትር ገደማ። ትልቁ ማማ ማዕዘን ላይ አይደለም። ከከተማው ወገን በሚመጣው ሰው ፊት፣ በሁለት ማዕዘን ማማዎች መካከል ነው የተገተረው። ይሄ ነገር መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ውድ ነገር ከኋላ ይደበቃል እንጂ ትልቁን ፊት ለፊት ማውጣት ምን ይባላል? ጋሼ ናቸው ያስረዱኝ። ጠላት በቀላሉ ሊመጣ የሚችለው በዚያ በኩል ብቻ ነው፤ ሌላው ገደል ነው። ደግሞም ለመታየት ነው የተሠራው።

ኖራው፣ ማለትም የመጀመሪያው ስህተቴ

መጀመሪያ የሠራሁት በሲሚንቶ ነው። ቆርቆሮውን መሐል አቁሜ ዙሪያውን በአንድ ከሰዓት በኋላ እስከ ጫፍ ወጣሁ። ኩራቴ አይጣል። በማግስቱ ቆርቆሮው አልወጣ አለ። በመዶሻ መታሁት፤ ማማው ከሁለት ተሰነጠቀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ፖርትላንድ የምንለው ሲሚንቶ እንግሊዝ አገር የተመዘገበው በ1824 ነው። የኩሲ ግንበኞች አያውቁትም። የያዙት ኖራ ነው። የጎንደርን የፋሲል ግንብም ያያያዘው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ በእሳት ይቃጠላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከአሸዋ ጋር ይቦካል። ከዚያ ከአየሩ የተቃጠለ አየር እየሳበ ቀስ ብሎ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ቀስ ብሎ ነው ያልኩት። ሰባት ሜትር ግድግዳ ውስጥ ያለው ኖራ ስንት ዘመን እንደሚፈጅበት አስቡት።

እናንተ አንድ ጣሳ ኖራ በሦስት ጣሳ አሸዋ አቡኩ። ጭቃው ከማንኪያ ላይ የማይፈስ፣ ግን የሚንሸራተት ይሁን። ጋሼ እንዳይሰሙኝ እንጂ እኔ ለስድስት ጣሳ ኖራ አንድ ጣሳ ሲሚንቶ ጣል አደርግበታለሁ። የልጅ ትዕግሥት እንደ ድሮ ግንበኛ አይደለም። ያልተበረደ ኖራ ግን ወደ ቤት አታምጡ፤ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ያቃጥላል። የበረደውንም ቢሆን በጓንት ያዙ። ዓይን ውስጥ ከገባ ብዙ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበትና ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ። ማቡካት የትልቅ ሰው ሥራ ነው።

ጊዜውም አለው። ክረምት አይሆንም። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ እኛ ጋ ውርጭ አለ፤ እርጥብ ኖራ ውርጭ አይወድም። ጥቅምት ወይም የካቲት ይመረጣል።

ትልቁ ማማ በስድስት ቀለበት

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ማማውን አንድ ወጥ አድርጋችሁ አትሥሩት። በስድስት ቀለበት ከፍሉት፤ እያንዳንዱ 9 ሴንቲ ቁመት። ስድስት ጊዜ ዘጠኝ 54። ለምን እንደሆነ በኋላ ትረዱታላችሁ።

ላስቲክ መሬት ላይ አንጥፉ። ቆርቆሮውን በፌስታል ሁለት ዙር ጠቅልሉና መሐል አቁሙት። ከቆርቆሮው 7 ሴንቲ ርቃችሁ በከሰል ክብ አስምሩ። ከዚያ እንደ ትክክለኛ ግድግዳ ነው የሚሠራው፦ በውጭ በኩል ፊቱ ያማረ ድንጋይ፣ በውስጥ በኩልም እንዲሁ፣ መሐሉ ላይ ኮረት በኖራ ሙሌት። የዚያን ዘመን ትልልቅ ግንቦች ግድግዳ እንዲህ ነው። ወፍራም ሲሏችሁ ሙሉ በሙሉ ጥርብ ድንጋይ እንዳይመስላችሁ። የእኛም አጥር ቢሆን ያው ነው፤ መሐሉን አይቶ የሚከፍል ደንበኛ የለም።

መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ አይውጣ። ይህን ለተማሪ ግንበኛ በቀን መቶ ጊዜ እናገራለሁ። እዚህም እናገራለሁ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን እያዞራችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ቀለበቱን በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ጥላ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ጆንያው እንዳይደርቅ በየቀኑ አርጥቡት። አንዱ ቀለበት ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል። ልጅ ብቻውን አያንሣ፤ እግር ላይ ቢወድቅ ጨዋታ አይደለም።

እርጥብ እያለ አንድ ነገር አትርሱ፤ ስቴኪኒውን። ድሮ ግንበኛ ግድግዳ ውስጥ አግዳሚ እንጨት እየሰካ በላዩ ይቆማል። ሲወርድ እንጨቱን ይነቅላል፤ ቀዳዳው ይቀራል። የእኛ አገር ባሕር ዛፍ መወጣጫም ዘዴው ያው ነው። ቪዮሌ-ለ-ዱክ የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን አርክቴክት የኩሲን ቀዳዳዎች ሲመለከት፣ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየዞሩ ወደ ላይ እንደሚወጡ አየ። ማለት፣ ሠራተኞቹ ማማውን እየዞሩ በሚወጣ መንገድ ላይ ነበር ድንጋይ የሚያመላልሱት። ማማው ራሱ ለራሱ መሰላል ሆነ። ይህን ስሰማ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብሎኬት በገመድ ስስብ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት።

ስለዚህ ስቴኪኒዎቹን እያንዳንዱን ከፊተኛው ትንሽ ከፍ እያደረጋችሁ ዙሪያውን ስኩ። ጭቃው ጠጠር ሲል ንቀሉ። ከአንዱ ቀለበት ወደ ሌላው መንገዱ እንዳይቋረጥ የቀለበቶቹን ጎን በከሰል ምልክት አድርጉ። ስትደረድሩ ምልክቱን ታገናኛላችሁ። በቀለበቶቹ መካከል ኖራ አታድርጉ። እንደ ካብ በደረቁ ይቀመጡ።

ውስጡን ብዙ አልነግራችሁም። ሦስት ፎቅ ነበረው፤ ሦስቱም ጣሪያቸው የድንጋይ ቅስት ነው። ዙሪያውን 12 ጎን ነበረው። ቆርቆሮው ክብ ስለሆነ እኛ ትተነዋል። በሩን ግን አትተዉ። ከበሩ በላይ አንድ ሰው ከአንበሳ ጋር ሲታገል የሚያሳይ ቅርጽ ነበር። ልጄ በሸክላ አፈር ሠራችው። አንበሳው የጎረቤታችንን ውሻ ነው የሚመስለው፤ ባለውሻው ግን ደስ ብሎት በየቀኑ እየመጣ ያየዋል።

ስንጥቁና መቀነቱ

ይሄ ክፍል ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል።

የኩሲ ግንበኞች ግድግዳው እንዳይከፈት ውስጡ የእንጨት መቀነት ቀብረው ነበር። ደብረ ዳሞን ወይም ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው በድንጋይ መሐል ያለ እንጨት አዲስ አይሆንበትም። የኩሲው እንጨት ግን በዘመን ብዛት በሰበሰ፤ ቦታው ባዶ ቀረ። በ1692 የመሬት መንቀጥቀጥ መጣና ትልቁን ማማ ሰነጠቀው። ሰነጠቀው እንጂ አልጣለውም። ከ150 ዓመት በላይ እንደተሰነጠቀ ቆየ። ከዚያ ነው ቪዮሌ-ለ-ዱክ ደርሶ ዙሪያውን በብረት ቀለበት ያሰረው።

በእኛ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ እዚህም ተሰምቶን ነበር። በዚያ ሰሞን ስልኬ አላረፈም። «ግድግዳዬ ተሰነጠቀ፣ ና እይልኝ» ነው ሁሉም። ቤት ስንሠራ ከመስኮት በላይ ዙሪያውን በፌሮ የምናስረው ለዚህ ነው። ደንበኛ ሁልጊዜ «ይሄ ፌሮ ይቀነስ» ይላል። አሁን ፖስት ካርዱን በስልኬ ይዤ እዞራለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለስንጥቁ፣ ቀለበቶቹ ሳይደርቁ ከላይ ወደ ታች በቢላ የተንጋደደ መስመር ጫሩ። ለብረቱ መቀነት ደግሞ፣ ከተደረደሩ በኋላ ማሰሪያ ሽቦ በሁለት ቦታ አዙራችሁ በጉጠት ጠምዝዙ። እንዳይበዛባችሁ፤ ሽቦው ያርፍ እንጂ አይነቅ።

ግድግዳና ጥግ

ይሄ ፈጣን ነው። የማዕዘን ማማዎቹን 20 ሴንቲ ወርድ፣ ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ቁመት አድርጋችሁ ሥሩ። ውስጣቸው ድፍን ቢሆን ማንም አያውቅም። የሚያገናኛቸውን ግድግዳ እኔ 18 ሴንቲ አወጣሁት። በትልቁ ማማ ዙሪያ የራሱ ጉድጓድና የራሱ አነስተኛ አጥር ነበረው። እሱን በጣታችሁ ቆፍሩ። በተንጣለለው ግቢና በከተማው ዙሪያ ሌላ ረጅም አጥር አለ፤ ሦስት ትልልቅ በሮችም አሉት። ያን ሁሉ እሠራለሁ ካላችሁ የጎረቤት ጓሮ መግዛት ይኖርባችኋል።

በ1652 የፈረንሳይ ዋና ሚኒስትር የነበረው ካርዲናል ማዛረን ግንቡ እንዲፈርስ አዘዘ። አመፀኛ እንዳይሸሸግበት ነው። በርና አጥሩን ጎዱት፤ ትልቁ ማማ ግን ቆመ። ከዚያ በኋላ ግንቡ እስር ቤት ሆነ፤ ቆይቶም የአካባቢው ሰው ድንጋይ የሚያወጣበት ሆነ። እኔ ይህን ታሪክ የማውቀው ከጓሮዬ ነው። የከመርኩት ድንጋይ ሌሊት ሌሊት ይቀንሳል። ማን እንደሚወስደው ዐውቃለሁ፤ ደረጃውን አይቼዋለሁ።

ማፍረሱ

ስድስት ቀለበት ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

በመጋቢት 1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ የጀርመን ጦር ከአካባቢው ወደ ኋላ ወዳዘጋጀው አዲስ መስመር ይለቅ ነበር። ሲለቅ የሚተወውን ሁሉ ያፈርስ ነበር። ከራሳቸው ከጀርመኖቹ መካከል የባቫሪያው አልጋ ወራሽ ሩፕሬኽት ግንቡ እንዳይነካ ለምኖ ነበር። የጀርመን ጦር መሪ የነበረው ጄኔራል ሉደንዶርፍ እንቢ አለ። 28 ቶን ፈንጂ ተቀበረ። በእኛ አነጋገር 280 ኩንታል፤ በሲሚንቶ ብንቆጥረው 560 ከረጢት። ትልቁ ማማና አራቱ የማዕዘን ማማዎች ሄዱ። የመሬት መንቀጥቀጥ ያልጣለው፣ ካርዲናል ያልጣለው።

ልጄ «ለምን?» አለችኝ። «ከፍ ያለ ነገር ለጠላት አይተዉም» አልኳት። አልተዋጠላትም። እኔም አልተዋጠልኝም፤ ግን ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ፈረንሳዮች ማማውን መልሰው አላቆሙትም። የድንጋዩ ክምር እዚያው ተተወ። ከተማዋም በጦርነቱ ወድማ ስለነበር ቤቶቹ እንደገና ተሠሩ። ዛሬ አንድ ሺህ ገደማ ሰው ይኖርባታል። ፍርስራሹን የአገሪቱ ብሔራዊ ቅርሶች ማዕከል ነው የሚያስተዳድረው። ጎብኚ ቲኬት ቆርጦ ይገባል፤ ከመሬት በታች ያሉትን ክፍሎችና የተረፉትን ግድግዳዎች ያያል። የከተማዋ በሮች አሁንም መኪና ያሳልፋሉ። በበጋቸው ደግሞ የአካባቢው ሰዎች በበጎ ፈቃድ የድሮ ልብስ ለብሰው በፍርስራሹ መሐል የማታ ትርኢት ያሳያሉ።

ስለዚህ እናንተም ሁለቱን ኩሲ ማሳየት አለባችሁ። ሽቦውን ፍቱ። ቀለበቶቹን ከላይ አንድ በአንድ አውርዱና ለብቻ አስቀምጡ። በቦታቸው ክምሩን አድርጉ። ክምር መሥራት ቀላል ይመስላል። ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው! ድንጋይ ዝም ብላችሁ ብትጥሉ የአሸዋ መኪና የገለበጠው ነው የሚመስለው። የፈረሰ ግንብ ሌላ ነው። ጥርብ ፊት ያለው ድንጋይ ከኮረትና ከኖራ ዱቄት ጋር ይቀላቀላል። አንዳንዱ ድንጋይ ሁለትና ሦስት ሆኖ እንደተያያዘ ይቀራል። እኔ የመጀመሪያውን የተበላሸ ማማዬን ስብርባሪ ነው የተጠቀምኩት። ሲሚንቶው በመጨረሻ ጠቀመ።

ከክምሩ አናት ላይ አንድ ባቄላ አስቀምጡ። እሱ ጋሼ ናቸው፤ በተማሪነታቸው ወጥተውበት ነበር።

ማየት

ሥራው ሲያልቅ ቆማችሁ ከላይ አትዩት። ከላይ የሚታየው ማማ የተገለበጠ ጀበና ነው። ባቄላዋን ከማማው ሥር አቁሙ፤ በሆዳችሁ ተኙ፤ አንድ ዓይን ጨፍኑ። ፎቶ የምታነሡ ከሆነ ስልኩን ገልብጡት፤ ካሜራው መሬት ይንካ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከጎን ስትመጣ የስቴኪኒዎቹ ቀዳዳዎች ጥላ ይይዛሉ፤ መንገዱ እየዞረ ሲወጣ ይታያል።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼን ጠራናቸው። ልጄ ሁለቱን ልታሳያቸው አስባለች፤ መጀመሪያ ማማውን፣ ከዚያ ክምሩን። የክት ካፖርታቸውን ለብሰው መጡ። አጎንብሰው አዩ፤ ከዚያ በርከክ አሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ያዝንላቸውና ጆንያው ላይ በሆዳቸው ተኙ። ብዙ ቆዩ። ልጄ የላይኛውን ቀለበት ለማንሣት እጇን ዘረጋች።

«ቆይ፣ የኔ ልጅ» አሉ ሳይነሡ። «ክምሩን ነገ አሳዪኝ።»